ክብሪት አምጡ!

አስም እንዳለብኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ አስም ያለበትን ማን ጆንያ ያሸክመዋል? አንድ ቀን አሰላ መጋዘን ውስጥ ስንዴ ስናወርድ አቧራው ደረቴን ዘጋውና ወደቅኩ። የሚሳበው መድኃኒቴ፣ ፓፉ፣ በሩ ላይ የሰቀልኩት ጃኬት ውስጥ ነው። ልናገር ብል ድምፅ የለም። አለቃችን ጋሽ ቶሎሳ «ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» እያሉ ሮጠው መጡ። አዩኝና «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት አምጡ!» ብለው ጮኹ። እኛ ጋ ለወደቀ ሰው ክብሪት ጭረው አፍንጫው ስር ይይዙለታል። እኔን ደግሞ የሚገድለኝ ጭስ ነው! ጋሽ ቶሎሳ ጭረው አስጠጉልኝ፤ ሽታው ሲገባብኝ በቃ አለቀልኝ አልኩ። እንደምንም እጃቸውን መትቼ ክብሪቱን አስጣልኳቸውና ወደ ጃኬቱ ጠቆምኩ። አብሮኝ የሚሸከመው ከድር ገባው፤ ፓፉን አምጥቶ አፌ ላይ ደቀነልኝ። ሁለቴ ሳብኩት።

መተንፈስ ስጀምር ጋሽ ቶሎሳ የክብሪቱን ቀፎ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። «ልገድልህ ነበር እኮ ልጄ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ያባርሩኛል ብዬ ነው ጋሼ።»

አላባረሩኝም። ጠዋት ጠዋት ጆንያ ሳልነካ «ፓፍህን ይዘሃል?» ይሉኛል፤ ኪሴን መታ መታ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። የእኔ ዓይን ግን እሳቸው ኪስ ላይ ነው፤ ክብሪቱ አሁንም እዛው አለ።