በላዩ የተቀዳበት አውሬ

ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ የሆሞሻ ገበሬ ከከተማው ቪዲዮ ቤት ባለቤት ጋር ከኋላዬ ይጨቃጨቃል። የገበሬው እናት በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል።

«ከባሕር የሚወጣው ትልቁ እንሽላሊት አለ አልከኝ። እናቴን ይዤ መጣሁ። ያሳየኸን ግን ሌላ ነው!»

«ያው አውሬ ነው ወንድሜ። ይሄ አዲሱ ነው፤ ይበልጣል።»

«በአዲሱ ወታደሮች ገደሉት! በአሮጌው ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ስደት ላይ ሱዳን ሳለን አሮጌውን አባቴ አሳያት። አባቴ እዚያው ሞተ። እሷ ያንን ልታይ ነው የመጣችው።»

«አሮጌውማ ጎማ የለበሰ ሰው ነው! ዚፑ ሳይቀር ይታያል። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።»

«ሰው መሆኑን እኛም እናውቃለን! አባቴ ራሱ፣ ይሄ ምስኪን በሙቀት ሊያልቅ ነው ይል ነበር።»

«እና ምን ላድርግህ?»

«አሮጌውን አሳያት።»

«የለም። አዲሱን በላዩ ቀዳሁበት።»

«ወላሂ፣ አንተ ሰው አይደለህም!»

«ኧረ ቀስ በል! ለአንድ ካሴት ነው?»

እናትየው በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«የገደሉት ሰውዬ፣ በአዲሱ ጎማ ውስጥ የነበረው፣ ማነው ትላለች።»

«ማንም የለበትም በላቸው። በኮምፒውተር የተሠራ ነው።»

ልጃቸው ነገራቸው። እሳቸውም ቁጣ ባለው ድምፅ መለሱ።

«ማንም ከሌለበት ታዲያ ለምን አልተዉትም፣ ወደ ባሕሩ ይሄድ ነበር ትላለች።»

ቀጥሎ የሚባባሉትን ልሰማ ብዬ፣ መውረጃዬ ሲያልፍ በመስኮቱ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።