«እሺ» የማይገኝበት የፍቅር መጽሐፍ

የልጅ ልጄን ለጋብቻ የጠየቁት ሽማግሌዎች መልስ ሊወስዱ ከቴፒ እስኪደርሱ፣ እሷና እኔ ሚዛን ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን አንድ አሮጌ ልቦለድ ታነብልኝ ነበር። በመሳፍንት ዘመን ስለነበረ ፍቅር የተጻፈ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ የምወደው መጽሐፍ ነው። ጀግናው ልጅቷን ከወንዝ ዳር ጠልፎ በፈረስ ሲሸመጥጥ፣ እንደ ወትሮው እንባዬ መጣ። እሷ ግን ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቃል?» አልኳት ተቆጥቼ።

«አባባ፣ አንተ የማትቆጥረው ነገር የለም። እስቲ ይቺ ልጅ ስንት ጊዜ እሺ አለች?»

መነጽሬን አጥልቄ ገጽ በገጽ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ አልቅሳለች፣ አራት ጊዜ ራሷን ስታለች፤ «እሺ» ግን አንድም የለም። ያን ሁሉ ዘመን ሳነበው ይህን ያለማየቴ ገረመኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡና እንደ ወጉ ቆመው፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ልጁ ጨዋ ነው፤ «ሰጥቻለሁ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቆጠራዬ ትዝ ቢለኝ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሷ ትጠየቅ» አልኩ።

«ደግሞ ይሄ የየት አገር ወግ ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ።

አስጠራኋትና፣ «ትፈቅጃለሽ ወይ?» አልኳት በሁሉም ፊት።

«እኔማ እሺ ካልኩት ቆየሁ፤ የምንጠብቀው እናንተን ነው» አለች።

«ታዲያ እኛን ለምን ያቆሙናል!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ተቀመጡ ሳይባሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።