ለአሞጽ የተቆለፈችው ክፍል

እግር ጥሎኝ ሆሳዕና መናኸሪያ ገብቼ ነበር። ጎረቤቴን አቶ ጠናን እዚያ ቆመው ማግኘቴ አልገረመኝም። ልጃቸው አሞጽ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ መኪና በገባ ቁጥር ወራጁን ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ። ልጁ መጣሁ አላለም። “የሚመጣ ቢሆን አይደውልም ወይ?” ብዬ ስንቴ ተቆጣኋቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉኛል።

የዚያን ቀን የወረደችው አዜብ ናት። አዜብ ከሆሳዕና ወጣ ያለችው የጃጁራ ልጅ ነች፤ ለትምህርት ከተማ ስትገባ ማረፊያ አጥታ፣ የአቶ ጠና ባለቤት ወይዘሮ ርብቃ ከጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንዷ ያለ ኪራይ አኖሯት። አሁን ጠበቃ ሆናለች። ርብቃ ካረፉ በኋላም በዚያች ክፍል ከገጠር የመጡ ሴት ተማሪዎች ይኖራሉ። ሁለተኛዋ ግን ለአሞጽ ተቀብታ፣ አልጋዋ ከነላስቲኩ እንደተቆለፈች ናት።

ተሳስመው ሲያበቁ፣ መንገድ ዳር ጁስ ቤት ገብተን አቮካዶ አዘዝን። አዜብ ስለ ልጃገረዶቹ ጠየቀች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ጋሽ ጠና፣ እርስዎ ሲያልፉ የተማሪዎቹ ክፍል የማን ትሆናለች?” አለች።

“የተማሪዎቹ ነዋ። የርብቃ ምኞት ነው። ልጆቼ ተሰብስበው ፊቴ ሲቀመጡ በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ አባቴም ለእኛ እንደዚያ ነው ያደረገው። ኑዛዜ በወረቀት ከጻፍኩማ ልጆቼን አላመንኳቸውም ማለት ነው።”

ልማዱ መልካም ነበር፤ አልክድም። ግን ልጆች ከእንሰቱ ማዶ ሲጠሯቸው “አቤት” ብለው በሚደርሱበት ዘመን ነው። ዛሬ አንዷ ዱራሜ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ማዶ! ማን ጠርቶ ማንን ይሰበስባል?

አዜብ በትሕትና አስረዳቻቸው። ቤት በቃል ብቻ ቢናዘዙት አይጸናም፤ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሌላ ሰው ከጻፈላቸው ደግሞ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሊፈረም ይገባል። ካልሆነ ሁሉም ለልጆች ይከፋፈላል፣ ልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን ሐሳብ ሳያውቁ ይሸጡታል። ዋናው ቤት የእነሱው ነው፤ የተማሪዎቹ ክፍል ማደሪያነቷ እንዲቀጥል ለአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ብትናዘዝ ማንም አይጎዳም።

“አሞጽ ይምጣና ይሆናል” አሉ አቶ ጠና።

“እማማ ርብቃም ታመው ‘አሞጼ ሲመጣ የምነግረው አለኝ’ ይሉ ነበር። ምን ሊሉት እንደነበር ያውቃሉ?”

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “አላውቅም” አሉ። “ጠይቄያት ቢሆን ዛሬ ለእሱ እነግረው ነበር። አሁን ከየት አመጣዋለሁ? ድምጿ እንኳ በጣም ይናፍቀኛል።”

አቶ ጠና እንባቸውን ጠርገው፣ “እሺ አዜቤ፣ ጻፊው” አሉ።

ኑዛዜው ሲነበብ ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ተማሪዎቹ ያሉባትን ክፍል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለቱንም ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ ሰጥተዋል። እንግዲህ ልጆቹ ሐሳቡን ቁርጥ አድርገው ያውቃሉ፣ በአባት ቃል ወንድምና እህት አይካሰሱም፣ የርብቃም ደግነት ከባላቸው ዕድሜ ያልፋል። የሚሰጥ ነገር ያለው ሁሉ በጤናው እንዲህ ያድርግ እላለሁ፤ ልጆቹን ጠላ የሚለው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ!

ማታውን ለአሞጽ ደወሉለት። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሁሉንም ነገሩት።

“አባዬ፣ ለእኔ የቆለፍካትንም ሰጠሃት?”

“ሰጠኋት ልጄ። ከፋህ እንዴ?”

“አልከፋኝም። ስመጣ አንተ ጋ እተኛለሁ።”

አቶ ጠና መናኸሪያ መቆማቸውን አልተዉም፤ እኔም መቆጣቱን ትቻለሁ። ትምህርት ሲከፈት ግን የጃጁራ መኪና ሲገባ ይጠብቁና፣ የአንዷን ተማሪ ሻንጣ ተሸክመው፣ የአሞጽን ክፍል ቁልፍ በእጃቸው እያንሿሹ ወደ ቤት ይመለሳሉ።