ጤናዋን የታቀፈችው ልጄ

አንዲት ዶሮ እንዴት እንዳገዘችኝ ልንገራችሁ። የስድስት ዓመት ልጄን የሺን አተኩሷት ከቁይ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ነርሷ «ሦስት ቀን ትተኛ» ብላለች። ልጅቱ ግን ገና ቤት ከመግባታችን መጥረጊያ አነሳች።

«ተኚ» ስላት፣ «አባዬ ሲያመው ተኝቶ ያውቃል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ባለቤቴ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ጤፍ አጨዳ ወጥቶ፣ በሰው ሸክም ተመልሶ፣ በዚያው ቀረብኝ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ጉብዝናውን አወራ እንጂ «ምነው በተኛ ኖሮ» ያለ አልነበረም።

ዓይኔ ጥግ ላይ እንቁላል ወደታቀፈችው ዶሮ ሄደ። «እሷ ሰነፍ ናት?» አልኳት።

«ኧረ! ብትነሳ እንቁላሉ ይበርድባታል።»

«በይ አንቺም ጤናሽን ታቀፊ።»

ሳቀችና ጋቢው ውስጥ ገባች። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ሊጠይቋት መጡ። «ተነሺ እንጂ፣ የጎበዝ ልጅ አይደለሽም? አልጋ አትልመጂ!» አሏት።

«እትዬ፣ በሩን ይዝጉት፣ ብርድ ይገባል። ታቅፌያለሁ» አለቻቸው። እትዬ ጥሩዬ በሩን ዘጉ!

በአራተኛው ቀን ከጫጩቶቹ ቀድማ፣ ድና ተነሳች። አባቷን ተኛ ብዬ ለምኜ ለምኜ ያቃተኝን በእሷ ተወጣሁት።

ሰሞኑን ደግሞ ራሴን አሞኝ፣ በሻሽ አስሬ ጀሪካን ሳነሳ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እማዬ፣ አሁን ተራሽ ነው። ታቀፊ!»

ተኛሁ፤ እሷም ጋቢውን አለበሰችኝ።