የታቀደው ጉድለት

ጉድለት በዕቅድ ሲወለድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ነርስ ሳለሁ አዲስ ቅጽ መጣ። ወንድ ሕፃናት ብልታቸው ላይ ጉድለት ይዘው ሲወለዱ፣ የሽንት ቀዳዳው ከቦታው የራቀ ወይም ፍሬው ያልወረደ ሲሆን እየመዘገብን፣ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት መጨመር መቀነሱን እንድናይ ነው። ደግ ሐሳብ ነበር። ግን ቅጹ ላይ «ዕቅድ» የሚል ዓምድ አለ። «ጉድለት ደግሞ ይታቀዳል እንዴ?» ብል «ባዶ ቦታ አይተውም» ተባልኩ። «አሥር» ብዬ ሞላሁት።

የአገሩን ወንድ ልጅ ሁሉ የሚገርዙት አያ ደምሴ ነበሩ። ምላጭ ከማንሣታቸው በፊት ሕፃኑን አገላብጠው ያዩና ካላማራቸው «ይሄ የሐኪም ነው» ብለው ሳይነኩት ወደ እኔ ይልኩታል። በዓመቱ አራት ላኩልኝ፤ አራቱንም ሆስፒታል አደረስኩ። ደረቴን ነፍቼ፣ እሳቸውን የሕዝብ ተወካይ ይሁኑ ብዬ ይዤ፣ ግምገማ ገባሁ።

ገምጋሚው ቅጹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ከአሥር አራት! ስድስቱ የት ገቡ? ይሄ የቁርጠኝነት ማነስ ነው፤ ግለ ሂስ አድርግ!» አለኝ። እኔ ምን ልበል? «እታረማለሁ» አልኩ።

አያ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሡ። «ጌታው፣ ልጁን አይቆጡብኝ። እጄን ትንሽ ሳት ካደረግሁት፣ የጎደሉትን ስድስቱን እኔው በምላጬ አሟላልዎታለሁ።»

ገምጋሚው ቀና እንኳ ሳይል ጻፈ፤ «የሕዝብ ተሳትፎ፦ እጅግ ከፍተኛ።»