ጣት ያላገኘው ደም ሥር

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ስሄድ፣ ከጎኑ የተኛች ልብስ ሰፊ ክንዷን ዘርግታ ስታለቅስ አገኘኋት። ኩላሊቷ ከታመመ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቷል። መድኃኒቱ የሚሰጠው በደም ሥር ነው፤ ክንዶቿ ግን አብጠው፣ በመርፌ ብዛት በልዘዋል።

የሚወጓት አንጋፋ ነርስ ናቸው፤ «እጀ ወርቅ» ይሏቸዋል። በዚያ ክፍል መርፌ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ለሌላ ማስረከብ እንደ ውርደት ይቆጠራል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ በሽተኛ እንዳላወጣው ግን እርግጠኛ ነኝ።

አንዲት ወጣት ነርስ አነስተኛ አልትራሳውንድ እየገፋች መጣች።

«እትዬ፣ እባክዎ በዚህ ልሞክርላት።»

«እሱ የእርጉዝ ማያ ነው፣ ልጄ። እኔ ይሄ ቴሌቪዥን ሳይመጣ ስንቱን ወግቻለሁ!»

«እሱንማ ማን ይክዳል? መርፌ አያያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ግን ክንድ ሲያብጥ ጥልቁ ደም ሥር በጣት አይገኝም።»

«ቆዪ፣ አሁን አገኘዋለሁ።»

«ጠዋትም ስጠይቅዎ እንዲህ ብለው ነበር እኮ። መድኃኒቱ እየዘገየ ነው።»

በሽተኛዋ ዓይኗን ገለጠች። «ሲስተር፣ እኔ ጨርቅ እንኳ የምወጋው እያየሁ ነው» አለች።

እጀ ወርቅ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ መርፌውን አስቀምጠው ተነሡ።

ወጣቷ የበሽተኛዋን ክንድ ቅባት ቀባችና የመሣሪያውን እጀታ አሳረፈችበት፤ ስክሪኑንም ወደ እጀ ወርቅ አዞረች። «ጥቁሩ ክብ ይታይዎታል? ስጫነው የሚጨፈለቀው ደም ሥር ነው፤ የሚመታው ከልብ ደም የሚያመጣው ነው፣ እሱን አንነካውም።» መርፌውን በስክሪኑ እያየች አስገባች። ወዲያው ደም መጣ፣ መድኃኒቱም ተጀመረ።

«እዚሁ ኖሯል ለካ!» አሉ እጀ ወርቅ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ አረፈች። መዘግየቱ ይሁን በሽታው የገደላት፣ ሐኪሙም አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ልጇ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ እጀ ወርቅን አቅፋ «ስለ እናቴ ብዙ ደከሙ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።

«አታመስግኚኝ፣ ልጄ» አሉ እያለቀሱ። «እሺ ብል ኖሮ ጠዋት ይጀመርላት ነበር። እልህ ይዞኝ አዘገየሁባት።»

ልጅቷ እቅፏን ፈታ የእናቷን ዕቃ ሰበሰበች። እኔም ላጽናናቸው ብዬ መዋሸት አልፈለግሁም።

እጀ ወርቅ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ነርሶቹ ዞሩ። «ከእንግዲህ ደም ሥሩ የማይገኝ በሽተኛ ሲመጣ መሣሪያው ቶሎ ይምጣ። ስቃዩ ይቀንሳል፣ ደም ሥሩ ለነገ ይተርፋል፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ ይገባል።» ከዚያ ወደ ወጣቷ ቀረብ ብለው «በይ፣ አስተምሪኝ» አሏት።

ይህን ቃል ልብስ ሰፊዋ በሕይወት ሳለች ብትሰማው ምንኛ በወደድኩ።