ጎህ ሲቀድ የደረሰ ካርድ

የአክስቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ እንደማይደርስ ሲያውቅ፣ «ፖስት ካርድ ገዝተህ በስሜ ለእማዬ ስጥልኝ» አለኝ። እኔ ሞኙ፣ ከባለቤቴ ጋር ብስራተ ገብርኤል ኪዳን አድርሰን ስንመለስ፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳን። አክስቴ ከፈተች። እኛን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ በዚያ ሰዓት ነጠላ አጣፍቶ በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ነው! «ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን ልትመታ ስትል ካርዱን ከኪሴ መዘዝኩ። «እትዬ፣ ደህና ነው! እንኳን አደረሰሽ ሊልሽ ነው!»

የካርዱን አደይ አበባ አየች። በዚያው ካርድ ትከሻዬን ደጋግማ መታችኝና መልሳ ሳመችኝ። «አሁኑኑ ደውልልኝ!» አለች። ደወልኩ። እሱ፣ «እማዬ፣ ካርዱን ወደድሽው?» ይላል። እሷ ካርዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «አለህልኝ?» ብቻ ትላለች፤ «አለህልኝ?»